ጥርስን ለኩት እንጂ አትገምቱት፦ ለጤና መድን ውሳኔ ሰጪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና መድን ኃላፊዎችና የሕክምና ጥያቄ ለምታጸድቁ ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ የጥርስና የመንጋጋ አገጣጠም ሕክምናን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

የጥርስ ሐኪም ነኝ። ጥርስ የሚያስተካክለውን ሽቦ፣ ብሬስን፣ የማስር ስፔሻሊስት (ኦርቶዶንቲስት) ግን አይደለሁም። ሥራዬ መመርመር፣ ማጽዳት፣ መሙላት፣ ሲብስም መንቀል ነው። የጥርሱ አገጣጠም ችግር ያለበት ልጅ ሲመጣ ወደ ኦርቶዶንቲስት እልካለሁ። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ ለራሴ ገበያ የምሟገት እንዳይመስላችሁ ነው። የምጠይቃችሁን ሁሉ ብትፈጽሙት ወደ እኔ ኪስ የሚገባ ነገር የለም።

ከእናንተ ዘንድ የሚመለሱት ማመልከቻዎች አንድ ዓይነት መልስ ይዘው ነው የሚመጡት፤ «ሕክምናው ለውበት ስለሆነ አይሸፈንም» የሚል። የላይ ጥርሱ በጣም ወደ ፊት የወጣ የ9 ዓመት ልጅም ይህን መልስ ያገኛል። የታች ጥርሷ ላንቃዋን እየወጋ የሚያቆስላት ወጣትም ይህንኑ ታገኛለች። ፎቶ ላይ እንዲያምርለት የፊት ጥርሱን ትንሽ ማዞር የፈለገ ጎልማሳም እንዲሁ። ሦስቱ አንድ አይደሉም። የጥርስ አገጣጠም በማስመሪያ ይለካል፤ የተሠራለት የደረጃ ሠንጠረዥ አለ፤ ሕክምናውም የራሱ ዕድሜ አለው። እኔ የምለው ይህንኑ ተጠቅማችሁ ወስኑ ነው።

በመጀመሪያ እናንተ ልክ የሆናችሁበትን ልናገር። ጥርሴ ተጣመመ ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ብሬስ የግድ አያስፈልጋቸውም። አንዷ ጥርስ ዞር ብላለች። የታች የፊት ጥርሶች በጥቂቱ ተጨናንቀዋል። ወይም ፍንጭት አለ። ሰውየው ግን በደንብ ይነክሳል፣ በደንብ ያላምጣል፣ ድዱም ጤነኛ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ከፈለግክ አሠራው፤ ብትተወውም ምንም አትሆንም» ብዬ እሸኘዋለሁ። በጋራ ገንዘብ ይታከም ብዬም አልከራከርላችሁም።

ሕፃናት ላይ ደግሞ ተጣሞ የሚታይ ሁሉ ችግር አይደለም። በ7 እና በ12 ዓመት መካከል የላይ የፊት ጥርሶች ተራርቀውና ወደ ጎን ተከፍተው ይታያሉ። ወላጅ ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ገና ያልወጡት ክራንቻዎች ናቸው። አጥንት ውስጥ ሆነው የጎረቤቶቻቸውን ስር ይገፋሉ፤ ስሩ ወደ ውስጥ ሲገፋ የጥርሱ አናት ወደ ውጭ ያዘነብላል። ክራንቻዎቹ በ11 ወይም በ12 ዓመት ገደማ ሲወርዱ ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይዘጋል። እዚህ ላይ ቸኩሎ ሽቦ ማሰር ትርፉ ብክነት ብቻ አይደለም። የፊት ጥርሱን ስር በሚመጣው ክራንቻ መንገድ ላይ መደቀንም ሊሆን ይችላል።

ጥቅሙንም አላጋንንባችሁም። የተደራረበ ጥርስ ለማጽዳት ያስቸግራል፤ ነገር ግን በደንብ የሚቦርሽ ሰው ጥርሱ ስለተጣመመ ብቻ አይበሰብስበትም። «ብሬስ ራስ ምታቴን ያድነኛል»፣ «የመንጋጋ መገጣጠሚያዬን ሕመም ያጠፋልኛል» የሚል ማመልከቻ ከመጣ በጥርጣሬ እዩት። ይህን የሚደግፍ ጠንካራ ማስረጃ የለም።

አሁን ወደማይታለፈው ልሂድ።

ገጣጣ የሚባለውን እንውሰድ። አፍ ሲገጠም የላይ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቀድመው ቢቆሙ ልክ ነው። ርቀቱ 6 ሚሊ ሜትርን ሲያልፍ ከንፈር ጥርሱን መሸፈን ይከብደዋል። ያን ጊዜ ልጁ በግንባሩ ቢደፋ መሬቱን ቀድሞ የሚያገኘው ጥርሱ ነው። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የመሰበር ዕድሉም ይጨምራል፤ ይህ በተደጋጋሚ ጥናት የታየ ነገር ነው። የፊት ጥርስ ደግሞ በብዛት የሚሰበረው በሩጫና በጨዋታ ዕድሜ ነው።

ጥርሱ ከነስሩ ከወጣ ጣጣው ለዓመታት ይቀጥላል። ልጁ እያደገ ስለሆነ ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ የጥርስ ስር፣ አይተከልለትም። ኢምፕላንት ከአጥንት ጋር ይጣበቃል፤ መንጋጋው ሲያድግ ሌሎቹ ጥርሶች አብረው ይወርዳሉ፣ እሱ ግን እዚያው ስለሚቀር አጭር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ እድገቱ እስኪያበቃ ድረስ ሊለበስና ሊወልቅ በሚችል ጊዜያዊ ጥርስ ይቆያል። ከዚያ ኢምፕላንት፣ ከዚያ በላዩ የሚጠለቅ አክሊል፣ ከዚያ ጥገና። ይህ ሁሉ ወጪ ዞሮ ወደ እናንተ ይመጣል። የሚመዘገበው «አደጋ» በሚል ርዕስ ስለሆነ ግን ከዓመታት በፊት ከመለሳችሁት ወረቀት ጋር ማንም አያገናኘውም።

የአቀባበል ጥልቀትም ይለካል። የላይ የፊት ጥርስ የታችኛውን አንድ ሦስተኛ ያህል ቢሸፍን ጥሩ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲሸፍነው ግን የታች ጥርሶች ጫፍ ከላይ ጥርሶች ጀርባ ያለውን ሥጋ ሊነካ ይችላል። ያን ጊዜ ሰውየው በነከሰ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ይወጋል። አፉን ዘግቶ ፎቶ ቢልክላችሁ ቆንጆ ነው። ቁስሉን የሚያየው አፉን አስከፍቶ በመስታወት የመረመረው ብቻ ነው።

ተቃራኒውም አለ። የኋላ ጥርሶች ገጥመው የፊቶቹ የማይገናኙባቸው ሰዎች አሉ። ምግብ በፊት ጥርሳቸው መቁረጥ ስለማይችሉ በጎን ይነክሳሉ። ትንንሽ ልጆች ላይ ዋናው ምክንያት አውራ ጣት ወይም የጡት ጫፍ መሰል ማጥቢያ መጥባት ነው። ልጁ ቋሚ የፊት ጥርሶቹ ከመውጣታቸው በፊት ካቆመ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ሕክምና ይቀንሳል። ካላቆመ እንኳን ጥርሱ፣ ላንቃውም ይጠብባል። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚከፈለው ለሽቦ ሳይሆን ለምክር ነው። ምክር ደግሞ እናንተ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

የላይኛው መንጋጋ ሲጠብ የኋላ ጥርሶቹ ከታችኞቹ ውስጥ ገብተው ይገጥማሉ። መስቀለኛ አገጣጠም እንለዋለን። በአንድ ጎን ብቻ ሲሆን ልጁ ለመግጠም ሲል የታች መንጋጋውን ወደዚያ ጎን ያንሸራትታል። እንዲህ እያደረገ ሲያድግ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብል ይችላል። መፍትሔው በልጅነት ቀላል ነው። የላይኛው መንጋጋ መሐል ላይ ገና ያልተጣበቀ መጋጠሚያ አለ፤ ላንቃ ላይ በሚታሰር ማስፊያ ቀስ በቀስ ይከፈታል፣ ክፍተቱንም አዲስ አጥንት ይሞላዋል። መጋጠሚያው በአፍላ ዕድሜው መጨረሻ ሲጠነክር ግን ያው ሥራ በአጥንት ላይ በብሎን የሚታሰር ማስፊያ ወይም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። እናንተ ዘንድ ሁለት ዓመት የቆየ ማመልከቻ አንዳንዴ ይህን ልዩነት ያመጣል።

የታች መንጋጋ ከላይኛው ቀድሞ ሲወጣም ዕድሜ ወሳኝ ነው። ይህኛው በዘር የመምጣት ዝንባሌው ከፍ ያለ ነው። የላይኛው መንጋጋ ወደ ኋላ የቀረበት ልጅ ከ10 ዓመት በፊት ቢታይ፣ ግንባርና አገጭ ላይ በሚያርፍ መሳቢያ መንጋጋውን ወደ ፊት ማምጣት ይሞከራል። ሁሉም ላይ አይሳካም። የተሳካላቸው ግን በኋላ ከመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ሊድኑ ይችላሉ።

አሁን በተለይ እንድታዩልኝ የምፈልገው ክራንቻን ነው።

የላይ ክራንቻ ከሌሎቹ ጥርሶች ሁሉ ረጅሙን መንገድ ተጉዞ የሚወጣ ነው። መንገድ ስቶ አጥንት ውስጥ የሚቀርባቸው ሰዎች ከ100 ሰው 1 ወይም 2 ያህል ናቸው፤ ሴቶች ላይ ይበዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው በላንቃ በኩል ነው። ልጁ 9 ወይም 10 ዓመት ሲሞላው ከወተት ክራንቻው በላይ ድዱን በጣት ስንዳስስ እብጠቱ ሊገኝ ይገባል። ሁለቱም ጎን ካልተገኘ፣ ወይም በአንዱ ጎን ኖሮ በሌላው ከጠፋ፣ ራጅ እንፈልጋለን። በጊዜው ከታወቀ የወተት ክራንቻውን መንቀል ብቻ ብዙ ጊዜ የጠፋውን ጥርስ ወደ መንገዱ ይመልሰዋል። ለአንድ የወተት ጥርስ የሚጠፋው ጊዜ ደቂቃዎች ነው።

ካልታወቀስ? ክራንቻው አጥንት ውስጥ ሆኖ የጎረቤቱን የፊት ጥርስ ስር ሊበላ ይችላል። አያምም። አያብጥም። ልጅቷ ትስቃለች፣ ጥርሷም ፎቶ ላይ ያምራል። በ14 ዓመቷ በሌላ ምክንያት ራጅ ስትነሣ የጎረቤቱ ጥርስ ስር ግማሹ የለም። ማመልከቻውን በፎቶ የሚወስን ሠራተኛ ይህችን ልጅ የግድ ይመልሳታል፤ ምክንያቱም ጥርሷ ልክ ነው። የእኔ ክርክር በአንድ ሰው ላይ ይታይ ከተባለ እሷ ላይ ይታያል። የሚያስጠላው ጥርስ ጤነኛ፣ የሚያምረው ጥርስ በአደጋ ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለ መለኪያው ልንገራችሁ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች «ክፍል ሁለት ወይም ክፍል ሦስት ካልሆነ አንከፍልም» ይላሉ። ይህ ክፍፍል ኤድዋርድ አንግል የተባለው ሐኪም በ1899 ያወጣው ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አንግል የተመለከተው የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋ ጥርሶች እርስ በርስ እንዴት እንደሚገጥሙ ነበር። የታች መንጋጋው ጥርስ በቦታው ከሆነ አንድ፣ ወደ ኋላ ከቀረ ሁለት፣ ወደ ፊት ከወጣ ሦስት። እኛ ሐኪሞች እስከ ዛሬ እንግባባበታለን። ግን ዓይነትን እንጂ ክብደትን አይነግርም። ክፍል አንድ የሆነ ልጅ ክራንቻው አጥንት ውስጥ ተቀብሮበት ሊሆን ይችላል። ክፍል ሁለት የሆነች ሴት ልዩነቱ በጣም ትንሽ ሆኖ ዕድሜዋን ሙሉ ያለ ችግር ትኖራለች።

ለእናንተ ሥራ የሚሆነው ሌላ ነው። በ1989 እንግሊዝ ውስጥ ብሩክና ሾው የተባሉ ባለሙያዎች የሕክምና አስፈላጊነትን በአምስት ደረጃ የሚከፍል መለኪያ አወጡ። ሐኪሙ የሚያየው በአፍ ውስጥ ያለውን አንድ በጣም የከፋ ነገር ነው። የጎደለ ወይም የተቀበረ ጥርስ፣ ወደ ፊት የመውጣት ርቀት፣ መስቀለኛ አገጣጠም፣ የጥርሶች መዛነፍ፣ የአቀባበል ጥልቀት። ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት የወጣ ጥርስ 4ኛ ደረጃ ነው፤ ከ9 ካለፈ 5ኛ። መንገድ አጥቶ የተቀበረ ጥርስና የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ያለበት ልጅ 5ኛ ውስጥ ይገባሉ። ላንቃ የሚያቆስል ጥልቅ አገጣጠም 4ኛ ነው። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ18 ዓመት በታች ላሉት 4ኛና 5ኛ ደረጃን ይሸፍናል፤ 3ኛ ደረጃን ደግሞ መልኩ በተለየ የፎቶ መለኪያ ከተወሰነ ነጥብ በላይ ከከፋ ይጨምራል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ልብ በሉት። መልክ ሙሉ በሙሉ አልተጣለም፤ በጥርሱ እየተሾፈበት አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚያወራ ልጅ ጉዳት የለበትም ማለት አይቻልም። ግን እሱም ተለክቶ ነው የሚገባው።

መለኪያው ፍጹም አይደለም፤ የልጁን ሕመም አይጠይቅም እያሉ የሚተቹት አሉ፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። የሆነ ሆኖ ከግምት ይሻላል። አንድ የሠለጠነ ሰው በትንሽ ማስመሪያ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰዋል።

ስለ ዕድሜ ስናገር ግን ሁሉም ልጅ በ7 ዓመቱ ሽቦ ይታሰርለት እያልኩ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ገደማ አንድ ጊዜ መታየቱ ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋ ጥርሶችና አንዳንድ የፊት ጥርሶች ወጥተው ስለሚገኙ ብዙ ነገር ይታያል። መታየት ሌላ፣ መታከም ሌላ። ለምሳሌ ወደ ፊት የወጣ ጥርስ በልጅነትም በአፍላ ዕድሜም ደረጃ በደረጃ ሲታከም፣ ዘግይቶ አንዴ ብቻ ከታከመው ጋር ሲነጻጸር የመጨረሻ ውጤቱ ይህን ያህል አይለይም። ቶሎ መጀመር ያስገኘው ዋና ጥቅም የፊት ጥርስ መሰበርን መቀነሱ ነው። ስለዚህ ገጣጣ ሆኖ ከንፈሩ የማይሸፍንለት፣ የሚወድቅና የሚሯሯጥ ልጅ ከሆነ ቶሎ፤ ካልሆነ እስከ አፍላ ዕድሜው መጠበቅ ይቻላል። «ሁሉንም ቶሎ» የሚል ክሊኒክ ካጋጠማችሁ ምክንያቱን ጠይቁት።

የወተት መንጋጋ ጥርስ ያለ ጊዜው ሲነቀልም ቦታውን የሚጠብቅ ትንሽ መያዣ አለ። ርካሽ ነገር ነው። ካልገባ የኋላው ጥርስ ወደ ክፍት ቦታው ይንሸራተታል፤ የሚመጣው ቋሚ ጥርስ መውጫ ያጣል። ይህችን ከከለከላችሁ በኋላ ላይ ትልቁን ሒሳብ ትከፍላላችሁ።

አሁን «ለምን ሁለት ዓመት ይፈጃል?» የሚለውን ጥያቄያችሁን ልመልስ። አንዳንዶቻችሁ የሕክምናው ርዝመት የክሊኒኩ ገንዘብ መሰብሰቢያ ዘዴ ይመስላችኋል። ጥርስ እንጨት ውስጥ እንደተመታ ሚስማር በአጥንት ውስጥ ተቸንክሮ የቆመ አይደለም። በስሩና በአጥንቱ መካከል ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ያህል ውፍረት ያለው የጅማት ሽፋን አለ። ቀላል ግፊት በአንድ ወገን ሲያርፍ፣ በተጫነው ጎን አጥንት የሚበሉ ሕዋሳት ይነሡና መንገድ ይከፍታሉ። በተለጠጠው ጎን አጥንት ሠሪዎች ይከተላሉ። ጥርሱ የሚሄደው እንዲህ ነው፤ በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። ግፊቱን ማብዛት አያፋጥነውም። ሽፋኑ ሲጨፈለቅ ደም ይቋረጣል፣ ጥርሱም ለጊዜው ይቆማል፣ ሕመሙ ይብሳል፣ የስሩም ጫፍ የማጠር አደጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ ታካሚው በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ይመጣል፣ በትንሽ በትንሹ ይስተካከላል። በተለምዶ ከ18 እስከ 24 ወር ይወስዳል፤ የተቀበረ ክራንቻ ያለበት ከዚያም ይበልጣል።

በ6 ወር እንጨርሳለን የሚል ማስታወቂያ የሚናገረው ብዙ ጊዜ የፊት ጥርሶችን ብቻ ስለ ማሰለፍ ነው። አገጣጠሙ እዚያው ይቀራል። የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ አፍ ውስጥ ይዞ ማፋጠን ይቻላል ለሚለውም እስካሁን አሳማኝ ማስረጃ አልቀረበም። እንዲህ ላለው ተጨማሪ ክፍያ ብትከለክሉ አልከፋም።

ዕቃውን በተመለከተ ብዙ አልላችሁም። የብረት ብሬስ አሁንም ሁሉንም ዓይነት ችግር ይሠራል። ከ1970ዎቹ ወዲህ የመጣው የኒኬልና የታይታኒየም ሽቦ ሲታጠፍ ወደ ቅርጹ ለመመለስ ለረጅም ጊዜ ቀላል ግፊት ስለሚሰጥ የመጀመሪያዎቹን ወራት አቅልሏል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው አላይነር፣ ጥርስ ላይ የሚጠለቅና የሚወልቅ ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን፣ ቀላልና መካከለኛ ችግር ላይ ጥሩ ነው፤ ግን በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት መልበስ ይጠይቃል። ኪሱ ውስጥ የሚያስቀምጠው ልጅ ላይ አይሠራም። ለብራንድ ስም አትክፈሉ። ለውጤት ክፈሉ። ጥርስ መነቀል አለበት ወይስ የለበትም የሚለውንም ለሐኪሙ ተዉት፤ ቦታ በጣም ሲጠብ መንቀል ትክክል ነው፣ ሳይጠብ መንቀል ደግሞ ስህተት ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥብቅ እንድትሆኑ እፈልጋለሁ። የበሰበሰ ጥርስና የሚደማ ድድ ይዞ ብሬስ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ እሱን ይታከም። ብሬስ ዙሪያ ቆሻሻ ሲከማች በወራት ውስጥ ጥርሱ ላይ ነጭ ጠባሳ ይወጣል። ብሬሱ ሲወልቅ ጥርሱ ቀጥ ብሎ ተዥጎርጉሮ ይገኛል። ከሐኪሙ «አፉ ጤነኛ ነው» የሚል ማረጋገጫ ካልተያያዘ መልሱት። እኔንም ብትመልሱኝ አልቀየምም።

ብሬስ ከወለቀ በኋላ ጥርሱን በቦታው ወደሚይዘው ሪቴይነር ልምጣ፤ ይህ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። ሕክምናውን የምትሸፍኑት ራሱ ብሬሱ በወለቀበት ቀን ክፍያችሁን ትዘጋላችሁ። በዚያች ቀን ግን ጥርሶቹ አልጸኑም። በጥርሱ አንገት ዙሪያ ያሉት የድድ ጅማቶች እንደተለጠጡ ናቸው፤ ወደ አዲሱ ቦታ ለመስማማት እስከ አንድ ዓመት ይፈልጋሉ። ከዚያም በኋላ የታች የፊት ጥርሶች ብሬስ ባላደረገ ሰው አፍ ውስጥም ቢሆን በዕድሜ እየተጨናነቁ ይሄዳሉ። ሰው ዘግይተው በሚበቅሉት የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሶች ያመካኛል። ጥናት አያስከስሳቸውም፤ ለዚህ ብሎ እነሱን መንቀል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሪቴይነር ነው፦ ወይ ከጀርባ የሚጣበቅ ቀጭን ሽቦ፣ ወይ ማታ ማታ የሚለበስ። ሲጠፋ ወይም ሲሰበር ይተካል። ዋጋው ከጠቅላላው ሕክምና ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። እናንተ ግን ትልቁን ከፍላችሁ ትንሿን ትከለክላላችሁ። ልጁ ሪቴይነሩ ይሰበርበታል፣ ወላጅ «ነገ እናሠራዋለን» ይላል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥርሱ መመለስ ይጀምራል። ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ብሬስ ይጠየቃል። ሁለተኛውን ደግሞ ለውበት ነው ብላችሁ ትመልሱታላችሁ።

ስትመልሱት ሰው የት እንደሚሄድ አስባችኋል? አንዳንዱ ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ አይቶ ፍንጭቱን በጎማ ያስራል። ጥርስ ወደ ስሩ እየቀጠነ ስለሚሄድ ጎማው ወደ ድዱ ውስጥ ይሾልካል። ከዚያ አይታይም። አጥንቱን እየበላ ወደ ስሩ ጫፍ ይወጣል፤ ጥርሶቹ መነቃነቅ ሲጀምሩ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ሁለት ጤነኛ የፊት ጥርስ በአንዲት ጎማ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ሐኪም ሳያየው የጥርሱን ቅርጽ ልኮ በፖስታ የሚመጣ አላይነር ይገዛል። በዚህ ንግድ ትልቁ የነበረው ስማይል ዳይሬክት ክለብ በ2023 መጨረሻ ሲዘጋ ሕክምናቸው መሐል ላይ ያሉ ደንበኞች ተንጠልጥለው ቀሩ። ጥርሱ ግን እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ የሚከታተለው የለም።

ስለ አዋቂዎች ባጭሩ። ዕድሜ በራሱ መከልከያ አይደለም። ድድና አጥንቱ ጤነኛ ከሆነ የ50 ዓመት ሰው ጥርስም ይንቀሳቀሳል። በመንጋጋ አጥንት ልዩነት የተነሣ መንከስ የማይችል አዋቂ ግን በብሬስ ብቻ አይድንም፤ እድገቱ ካቆመ በኋላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ብሬሱ የቀዶ ሕክምናው አካል ነው። አንዱን አጽድቃችሁ ሌላውን ስትከለክሉ ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱን የሚያሳርፍበት አገጣጠም ያጣል። የላንቃ መሰንጠቅ ያለባቸው ልጆችም እንዲሁ ናቸው። የድዳቸው አጥንት የሚተከለው ክራንቻው ከመውጣቱ በፊት፣ በ8 እና በ11 ዓመት መካከል ነው። ከዚያ በፊት ኦርቶዶንቲስቱ ቦታውን ማስተካከል ይኖርበታል። እነዚህን ልጆች ለውበት ነው ብሎ የመለሰ ወረቀት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማን እንደፈረመበት እዚህ አልጽፍም።

ስለዚህ ቅጻችሁን ቀይሩልኝ። ዓይነቱን ብቻ ከሚጠይቀው ሣጥን ጎን ወደ ፊት የወጣበትን ሚሊ ሜትር የሚሞላበት ቦታ ይግባ። ላንቃ ወይም ድድ ቆስሏል ወይ፣ ልጁ ሲገጥም መንጋጋው ይንሸራተታል ወይ፣ የተቀበረ ጥርስ በራጅ ታይቷል ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ደረጃው ይጻፍ። የሪቴይነር ክፍያ ከብሬሱ ጋር በአንድ ጥቅል ይጽደቅ። የምትመልሱትን ደግሞ በምክንያት መልሱት፤ «3ኛ ደረጃ ስለሆነ» የሚል መልስ ለወላጁም ለእኔም ይገባናል፤ ይግባኝ ቢልም በምን እንደሚከራከር ያውቃል።

አዲስ ቅጽ ለማውጣት ስብሰባ፣ ረቂቅ፣ ፊርማ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። እስከዚያው አንድ ነገር ነገ ጠዋት ማድረግ ትችላላችሁ። ጠረጴዛችሁ ላይ ካለው ክምር ውስጥ ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ማመልከቻ ለይታችሁ አውጡና መጀመሪያ እነሱን እዩ። የአዋቂዎቹ ለጥቂት ወራት ቢቆይ ብዙ አይጎዳም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጥርስ ሐኪም